ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ድምፁ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አሮጌ መኪና ካምቢዮ ነው። በእጅ ማርሽ የሚነዳ፣ ዕድሜው የገፋ መኪና ያላችሁ ሁሉ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርቡ። በተለይ እዚህ ኢየሩሳሌም ለምትነዱ ሰዎች ጉዳዩ በየቀኑ የሚገጥማችሁ ነው።

ላስተላልፈው የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። ካምቢዮ ከመፈታቱም ሆነ ከመለወጡ በፊት መመርመር አለበት። ብዙ ሰው «ካምቢዮው አልቋል» ሲባል ደንግጦ ሙሉ ካምቢዮ ይገዛል። ያጠፋው ግን ፍሪሲዮኑ፣ የማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ወይም ያረጀ ዘይት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ምርመራ ደግሞ ገንዘብ አይፈልግም፤ ደህና ጆሮና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል።

በመጀመሪያ የምንነዳበትን አገር እንይ። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የተራራ ከተማ ናት። ሙት ባሕር ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ከዚህ ተነስቶ ወደ ሙት ባሕር የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል ይወጣል። ወደ ቴል አቪቭ የሚወስደው 1 ቁጥር መንገድም በሻዓር ሃጋይና በካስቴል በኩል ዳገትና ቁልቁለት ነው። የአባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሹፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በዳገት ሞተሩን የሚያግዘው ማርሽ ነው፤ በቁልቁለትም ፍሬኑ ግሎ እንዳይከዳ መኪናውን ይዞ የሚያወርደው ማርሽ ነው። ቁልቁለት መሐል ማርሹ በራሱ ተፈናጥሮ ቢወጣ መኪናው በፍሬን ብቻ ይቀራል። የካምቢዮ ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ድካም አለ። ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጥፈን ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስንሄድ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙን ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር ይዞታል። ከፊታችን ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ከቆመ መሄጃ የለም። በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን የፍሪሲዮኑን ፔዳል ግማሽ ድረስ ረግጠን፣ ነዳጅ ሰጥተን፣ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥለን እንጠብቃለን። የፍሪሲዮን ሸራ የሚበላው እንዲህ ሲደረግ ነው። ሸራው ሲያልቅ ጥፋተኛ የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ካምቢዮ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ እንይ። ሞተር ጉልበት የሚሰጠው በፍጥነት ሲዞር ነው። ጎማው ግን መኪናው ሲነሳ ቀስ ብሎ፣ በጉልበት መዞር አለበት። ካምቢዮው ይህን ያስታርቃል። በብዙ ትንንሽ መኪኖች አንደኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ተኩል ያህል ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ሻፍት አንድ ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ በደቂቃ 3,500 ጊዜ ቢዞር ሻፍቱ 1,000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። የኋላ ጎማቸው በሚነዳ ብዙ የድሮ መኪኖች አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፤ አምስተኛ ያለው መኪና ደግሞ በአምስተኛው ላይ ሻፍቱ ከሞተሩ ይበልጥ ይፈጥናል።

ካምቢዮው ውስጥ ወደ ፊት የሚያስኬዱት ማርሾች ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተያያዙ ናቸው። እኛ ማርሽ ስናስገባ የምናደርገው የአንዱን ማርሽ ከሻፍቱ ጋር መቆለፍ ነው። ችግሩ ማርሹና ሻፍቱ የሚዞሩበት ፍጥነት የተለያየ መሆኑ ነው። እንደዚያው ቢገናኙ ይፋጫሉ። የድሮ ሹፌሮች ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጡ፣ መሐል ላይ ነዳጅ እየሰጡ ፍጥነቱን በጆሮ ያመጣጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 የአሜሪካው ካዲላክ ኩባንያ ይህን ሥራ በራሱ የሚሠራ ሲንክሮናይዘር የተባለ ዕቃ በመኪኖቹ ላይ አወጣ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ተስፋፋ።

ሲንክሮናይዘር ከናስ የተሠራ ቀለበት አለው። ውስጡ ከአንድ ወገን ጠባብ ሆኖ እየሰፋ የሚሄድ ነው፤ ገጹ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተፈልፍለውበታል። ማርሽ ስናስገባ ቀለበቱ በማርሹ ሾጣጣ ገጽ ላይ ይጫናል፤ መስመሮቹ መሐል ያለውን ዘይት ይጠርጉና ብረት ብረትን ይይዛል። የሚሄድ አውቶቡስ ላይ መሳፈር የፈለገ ሰው መጀመሪያ አብሮት ሮጦ ፍጥነቱን እንደሚያስተካክለው ሁሉ፣ ቀለበቱም የሁለቱን ፍጥነት እኩል ያደርግና ከዚያ በኋላ ማርሹ ያለ ድምፅ ይገባል። መስመሮቹ ሲያልቁ ቀለበቱ ይንሸራተታል፤ ያኔ «ግር» የሚለውን ድምፅ እንሰማለን።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፈተናዎች መኪናችሁን ቤት ደጃፍ አቁማችሁ ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ። መሬቱ ሜዳ ይሁን፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ።

የመጀመሪያው ፈተና። ሞተሩን አስነሱ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን አንሱ። የሚያጉረመርም ድምፅ አለ? አሁን ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ርገጡ። ድምፁ ከጠፋ ነገሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ወደ ካምቢዮ የሚገባው ሻፍት መዞሩን ያቆማልና። በብዛት የመግቢያው ሻፍት ኩሽኔታ ነው የሚያልቀው። በተቃራኒው ፔዳሉ ሳይረገጥ ጸጥ ብሎ ሲረገጥ የሚጮህ ከሆነ፣ ድምፁ ከፍሪሲዮን ማስለቀቂያው ኩሽኔታ ነው። ይህ ከካምቢዮው ውጭ ያለ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ፈተና። ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ቆሞ፣ ፍሪሲዮኑን ሙሉ ርገጡና አምስት ሰከንድ ያህል ቆዩ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። በብዙ አሮጌ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም፤ ስለዚህ እውነቱን ይናገራል። ከጠበቃችሁ በኋላም ከተፋጨ ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም። ኬብሉ ተስቦ ሊሆን ይችላል፤ በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነም አየር ገብቶበት ወይም ፓምፑ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ይህም ካምቢዮ አያስፈታም።

ሦስተኛው ፈተና በመንገድ ላይ ነው። ሁሉም ማርሽ ያለ ችግር ገብቶ አንዱ ብቻ፣ በተለይ ሁለተኛው፣ የሚፋጭ ከሆነ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር አልቋል። ሁለተኛ ማርሽ ቀድሞ የሚያልቀው ከሁሉም ይበልጥ ስለሚሠራ ነው፤ በተራራ ከተማ ደግሞ ይብሳል። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚያለቅስ ድምፅ ካለ ወደዚያ ማርሽ ጥርሶች ያመለክታል። የኋላ ጎማው በሚነዳ መኪና በሁሉም ማርሽ ጮኾ በአራተኛው ብቻ ጸጥ የሚል ከሆነ ደግሞ የታችኛው ሻፍት ኩሽኔታዎች ናቸው የሚጠረጠሩት፤ በአራተኛ ማርሽ በዚያ ሻፍት በኩል ጉልበት አይተላለፍም።

አራተኛው፣ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይከተል ከሆነ የፍሪሲዮን ሸራ ይንሸራተታል። ከሞጻ ወደ ከተማው በሚያስወጣው ዳገት ላይ ይህ በግልጽ ይታወቃል።

አምስተኛው፣ ማርሽ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚፈለገው። መጀመሪያ ሞተሩና ካምቢዮው የሚያርፉባቸው ጎማዎች፣ ቀጥሎ የማርሽ ማስገቢያው ዘንግና መገጣጠሚያዎቹ፣ በመጨረሻ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ማርሽ የሚያስገባው ሹካ፣ ስፕሪንግና የመቆለፊያ ጥርሶች። የጥቂት ሰቅል የላስቲክ ማረፊያ ሲሰበር ካምቢዮው ወዲያ ወዲህ ስለሚል ማርሹን ሊያስወጣው ይችላል።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ምርመራ ዘይቱ ነው። ብዙ ካምቢዮዎች የዘይት ማፍሰሻ ቡሎናቸው ማግኔት አለው። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ አፍስሱና ማግኔቱን እዩ። ለስለስ ያለ ግራጫ ጭቃ ካለበት የዕድሜ ነገር ነው፤ አያስደነግጥም። ዘይቱ ውስጥ ወርቃማ ብልጭልጭ ካያችሁ የናስ ቀለበቶቹ እየተበሉ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከወጣ ግን ያን መኪና አትንዱት፤ ወደ ጋራዥ ተጎትቶ ይሂድ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያልነውን ላጠቃልል። ካምቢዮ ነው ተብሎ ከሚጠረጠረው ችግር ብዙው ፍሪሲዮን፣ ዘንግ፣ ማረፊያ ጎማ ወይም ዘይት ነው። በምርመራ እውነትም ውስጡ መሆኑ ከተረጋገጠ ሁለት መንገድ አለ፤ ያለውን ፈትቶ ማደስ ወይም በሌላ መለወጥ።

ማደስ የሚበጀው ሰውነቱ ካልተሰነጠቀ፣ ዋና ዋና ጥርሶቹ ደህና ከሆኑና ያለቀው ኩሽኔታ፣ ቀለበትና ሲል ብቻ ከሆነ ነው። የሥራ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሲያልቅ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። በዚህ አገር ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ መኪና በሰብሳቢ መኪናነት ሊመዘገብ ይችላል፤ እንዲህ ያለ መኪና ለያዘ ሰው የራሱን ካምቢዮ ማደስ የመኪናውን ዋጋ መጠበቅ ነው። ሰውነቱ ከተሰነጠቀ፣ ጥርስ ከተሰበረ ወይም ኩሽኔታው ማረፊያውን ከበላው ግን መለወጥ ይሻላል።

ለመለወጥ ያገለገለ ካምቢዮ ስትገዙ ልብ በሉ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎችን ዝውውር የሚቆጣጠር ሕግ አለ፤ ዓላማው የመኪና ስርቆትን መከላከል ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ እንደለመድነው ዋጋ ተከራክሮ ዕቃውን ተሸክሞ መሄድ አይበቃም። ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደወጣ የሚገልጽ ደረሰኝ ጠይቁ፤ የዋስትናው ጊዜም በጽሑፍ ይሁን። በተልፒዮት፣ በጊቭዓት ሻኡል ወይም በዋዲ ጆዝ የምታሠሩ ሁሉ፣ መካኒኩ ወዳጃችሁም ቢሆን፣ የዕቃ፣ የሥራና የዋስትና ዋጋ ተለይቶ ይጻፍላችሁ። የወጣውንም አሮጌ ዕቃ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ልኩን ማረጋገጥ ነው። ሁለት ካምቢዮዎች ከውጭ ሲታዩ አንድ መስለው ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። ሰውነቱ ላይ የተመታውን መለያ ቁጥር አመሳክሩ። የመግቢያው ሻፍት ጥርሶች ከፍሪሲዮናችሁ ሸራ ጋር ይግጠሙ። በተለይ የፊት ጎማው በሚነዳ መኪና ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር አንድ ላይ ነው፤ የመጨረሻው ጥርስ ልክ ከተለየ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት የሚዞረው ዙር ይለወጣል። ለብዙ ዓመታት በእስራኤል መንገዶች ላይ በብዛት የታየውን አሮጌ ሱባሩ፣ አራቱም ጎማው የሚነዳውን፣ የያዛችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ልካቸው እኩል ካልሆነ አራቱ ጎማዎች አብረው ሲያዙ ካምቢዮው ይታነቅና ይሰበራል። ከመግዛታችሁ በፊት ሻፍቱን በእጃችሁ አዙሩት፤ ሁሉንም ማርሽ አስገቡ፤ ያለ መጠን የሚወዛወዝ ከሆነ ተዉት።

አሁን ወደ ሥራው። ካምቢዮ ከባድ ነው፤ የትንሽ መኪና እንኳ 30 እና 40 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በምንም ምክንያት በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አይገባም። ኢየሩሳሌም ውስጥ ሜዳ መሬት ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙ ሰው በተዳፋት ላይ ለመሥራት ይደፍራል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መኪናው በሜዳና በጠንካራ መሬት ላይ፣ በአራት ካቫሌቶ ይቀመጥ። የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል። ዘይቱ ይፍሰስ። ከዚያ ካርዳኑ ወይም የጎማ ሻፍቶቹ፣ የማርሽ ዘንጉ፣ የፍሪሲዮን ኬብሉ፣ የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦውና ሞተሪኖው ይወጣሉ። ካርዳኑ ከመፈታቱ በፊት መጋጠሚያው ላይ ምልክት ይደረግ፤ በነበረበት ቦታ ካልተመለሰ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ከሥር ይደገፍ። ካምቢዮው ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳብ። ክብደቱ በመግቢያው ሻፍት ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑን ሸራ ያጣምማል።

ካምቢዮው ከወረደ በኋላ የፍሪሲዮን ሸራውን፣ መጫኛውን፣ ማስለቀቂያ ኩሽኔታውንና የሞተሩን የኋላ ዘይት ሲል አብሮ መቀየር ብልህነት ነው። ዕቃዎቹ ከሥራው አንጻር ርካሽ ናቸው፤ ነገ ቢበላሹ ግን ያው ሥራ እንደ አዲስ ይጀመራል።

የምታድሱ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ዘርጉና እያንዳንዱን ዕቃ በወጣበት ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ በየደረጃው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ማርሽ የሚቆልፉ ትንንሽ ኳሶችና ስፕሪንጎች ተፈናጥረው እንዳይጠፉ በእጅ ይያዙ። ኩሽኔታ በመዶሻ አይመታም፤ በማውጫና በፕሬስ ይወጣል፣ ይገባል። የናሱን ቀለበት ለመፈተሽ በማርሹ ሾጣጣ ላይ በእጃችሁ ጫኑትና በቀለበቱና በማርሹ ጥርስ መሐል የቀረውን ክፍተት በቅጠል መለኪያ ለኩ። አዲሱ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይተዋል። በብዙ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ባለው ወሰን ሲደርስ ይቀየራል፤ የራሳችሁን መኪና መጽሐፍ ተከተሉ። ሁሉም ተገጥሞ ከመሰቀሉ በፊት ካምቢዮው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ በእጅ እየዞረ ሁሉም ማርሽ ይሞከር። እዚያ ላይ የተገኘ ስሕተት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ መኪናው ሥር ከተሰቀለ በኋላ የተገኘ ግን ሙሉ ቀን ይወስዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ዘይት አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። የካምቢዮ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 የሚሉ ደረጃዎች ታያላችሁ። ጂ ኤል 5 ለዲፈረንሻል ታስቦ የተሠራ ጠንካራ ዘይት ነው፤ ከፍ ያለ ግፊት እንዲችል የተጨመረበት የድኝና የፎስፎረስ ቅመም በአንዳንዶቹ ዘይቶች ላይ የናስ ቀለበቶችን ሊበላ ይችላል። በተጨማሪም ከመጠን በላይ አንሸራታች ስለሆነ ቀለበቱ ማርሹን እንዳይይዝ ያደርጋል። ስለዚህ መጽሐፋችሁ ጂ ኤል 4 ካለ ጂ ኤል 5 «ይበልጣል» ብላችሁ አትጨምሩ። አንዳንድ መኪኖች ደግሞ የሞተር ዘይት ወይም የፋብሪካውን ልዩ ዘይት ነው የሚፈልጉት። ቁጥሩን ከመጽሐፉ አንብቡ።

በመጨረሻ፣ አነዳዳችን። በዳገት ላይ በፍሪሲዮን አትንጠልጠሉ፤ ቆማችሁ ከሆነ ዜሮ አድርጉና የእጅ ፍሬን ያዙ። እጃችሁን የማርሽ ዘንግ ላይ አሳርፋችሁ አትንዱ፤ ያ ክብደት ውስጥ ያለውን ሹካ ያለማቋረጥ ይገፋዋል። ተዳፋት ላይ ስታቆሙ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ መኪናው በእሱ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ ማርሽ ይግባ። ሸክሙን ፍሬኑ ይሸከመው፤ ማርሹ መጠባበቂያ ይሁን። ወደ ሙት ባሕር ስትወርዱ ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅ አድርጉ።

ውድ አድማጮቻችን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። መኪናችሁን ሜዳ ላይ አቁማችሁ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ፈተና ሞክሩ። የሰማችሁትን ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ ጻፉት። ጋራዥ ስትሄዱ «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ከማለት ይልቅ «ፍሪሲዮን ስረግጥ ድምፁ ይጠፋል፤ ሁለተኛ ማርሽ ብቻ ይፋጫል» በሉ። እንዲህ ብሎ የሚናገር ደንበኛ ያልተበላሸ ዕቃ አይቀየርበትም፤ ጥሩ መካኒክም ከየት እንደሚጀምር ወዲያው ያውቃል። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በረጅም ቁልቁለት ስለ ፍሬን አያያዝ እንነጋገራለን። እስከዚያው በሰላም ንዱ፤ ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)